አሸዋ፣ ጨውና የብረት ብናኝ መለየት፦ ጨው ከገባው በላይ ለምን ይወጣል?

ጥያቄ (የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር)
ሰላም ለሁላችሁ። ለቡድን ሥራ 20 ግራም አሸዋ፣ 10 ግራም ጨውና 5 ግራም የብረት ብናኝ ቀላቅለን ሰጠን። ተማሪዎቹ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምረው አማሰሉ፣ በወረቀት አጠለሉ፣ ከቀረው አሸዋ ላይ ብረቱን በማግኔት ለቀሙ፣ የጠለለውን ውሃ በእሳት አተነኑ። አንዱ ቡድን 11.6 ግራም ጨው አገኘ፤ መልኩም ቡናማ ነው። ሌላው 8.7 ብቻ። ማጥለያ ወረቀቱም ይቀደዳል። የት ነው የተሳሳትነው?

መልስ 1
መምህር፣ ዋናው ስህተት ቅደም ተከተሉ ነው። ማግኔቱ ከውሃ በፊት፣ ድብልቁ ደረቅ ሳለ ይግባ። ብረት በጨው ውሃ ቶሎ ይዝጋል፤ ዝገቱም ጨዉን ያቀልመዋል። እርጥብ ብናኝ ደግሞ ከአሸዋው ጋር ተጣብቆ ይነሳል።

ድብልቁን በሰፊ ወረቀት ላይ ስስ አድርገው ይዘርጉት። ማግኔቱን በፌስታል ጠቅልለው ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያንሸራሽሩት። ብናኙ ዘሎ ይያዛል። አሸዋው ውስጥ ከነከሩት ግን የአሸዋ ቅንጣቶች በብናኙ መሃል ታቅፈው ይወጣሉ። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ማግኔቱን ከፌስታሉ ሲያወጡት ብናኙ ይረግፋል። ያለ ፌስታል ከማግኔቱ ላይ ማላቀቁ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

አሸዋውን ብቻውን አስቀድመው በማግኔት ይፈትኑት። የወንዝ አሸዋ ብዙ ጊዜ በማግኔት የሚሳቡ ጥቁር ቅንጣቶች አሉት፤ ከ5 ግራም በላይ «ብረት» ከወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መልስ 2
ስለ 8.7 ግራሙ። 20 ግራም እርጥብ አሸዋ ወደ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዞ ይቀራል። 10 ግራም ጨው በ50 ሚሊ ሊትር ከሟሟ፣ በዚያ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ግራም ያህል ጨው ተደብቋል። አሸዋው መታጠብ አለበት። በ20 ሚሊ ሊትር አንዴ ከታጠበ 0.2 ግራም ያህል ይቀራል፤ ያንኑ ውሃ ለሁለት ከፍለው 10፣ 10 አድርገው ካጠቡት ግን ወደ 0.1 ይወርዳል። በጥቂት ውሃ ደጋግሞ ማጠብ በብዙ ውሃ አንዴ ከማጠብ ይሻላል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢያሰሉት ጥሩ ነው።

ውሃ ማብዛት አያስፈልግም። በክፍል ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 36 ግራም ያህል ጨው ያሟማል፤ ለ10 ግራም 40 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ማሞቅም ለጨው ብዙ አይጨምርለትም።

ወረቀቱ የሚቀደደው አሸዋው በአንዴ ሲዘረገፍበት ወይም በዘንግ ሲወጋ ነው። ወረቀቱን ለአራት አጥፈው፣ በአንድ በኩል አንድ፣ በሌላው በኩል ሦስት ድርብ እንዲሆን እንደ ሾጣጣ ከፍተው ፈነሉ ውስጥ ያስቀምጡና በጥቂት ውሃ አርጥበው የፈነሉ ግድግዳ ላይ ያጣብቁት። አሸዋው እስኪዘቅጥ ጠብቀው ከላይ ያለውን ውሃ አስቀድመው ያጥልሉ፤ አሸዋው መጨረሻ ይምጣ። ውሃውን የሚያወርዱበት ዘንግ ወረቀቱ ሦስት ድርብ በሆነበት በኩል ይደገፍ።

መልስ 3
11.6 የሆነው በአብዛኛው ስላልደረቀ ነው። ደረቅ የሚመስል ጨው በፍሬዎቹ መሃል ውሃ ይይዛል፤ ያልተጣራ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ማግኒዚየም ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ይስባል። ጨዉ ገንፎ ሲመስል እሳቱን ይቀንሱ፤ ካልቀነሱ እየተንጣጣ ከሳህኑ ይወጣል፣ ለዓይንም አደገኛ ነው። ከዚያ ሳህኑን የሚፈላ ውሃ ባለበት ድስት አፍ ላይ አድርገው በእንፋሎት ያድርቁት። አቀዝቅዘው ይመዝኑ፣ 10 ደቂቃ መልሰው አሙቀው ደግመው ይመዝኑ፤ ሁለቱ ልኬቶች እስኪገጥሙ ይቀጥሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ካልበቃ ሰፊ ሳህን ላይ ፀሐይ ያውጡት። የአፍዴራ ጨውም የሚመረተው በፀሐይ ትነት ነው።

ቡናማው ሁሉ ዝገት ላይሆን ይችላል። ያልታጠበ አሸዋ ጭቃ አለው፤ በጣም የደቀቀው ጭቃ በወረቀቱ ያልፋል። አሸዋውን ውሃው ኩልል እስኪል አጥበው፣ አድርቀው ነው መቀላቀል።

ጥፋቱን ለይቶ ለማወቅ አንድ ቡድን 10 ግራም ጨው ብቻ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙቶ ያትንን። እሱም ከ10 በላይ ከመዘነ ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው፤ ልክ 10 ከሆነ አሸዋውንና ብረቱን ይመርምሩ።