ማጣሪያውን እንግዛ ወይስ መጀመሪያ ሮቶውን እንጠብ? ለማህበሩ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ፣ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ
ሰላም ቤተሰብ። የእሁዱ ስብሰባ በጩኸት ስላለቀ የውሃ ማጣሪያውን ጉዳይ እዚህ እንጨርሰው። ለጉባኤው የምናቀርበው ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ነው የምፈልገው። አሁን በእጄ ያለው ረቂቅ ይሄ ነው፦ «ማህበሩ ለ34ቱም አባላት አንድ ዓይነት ማጣሪያ በጅምላ ይግዛ፤ ክፍያውም በየወሩ ከመዋጮ ጋር ይሰብሰብ።» ከ34ታችን 9ኙ ንግድ ቤት ነው፤ ቁርስ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ቡና ቤት። የቀረው መኖሪያ። ቁረጡ፣ ጨምሩ። ስድቡ ግን የእሁዱ ይበቃናል።

ጁስ ቤት
እኔ ድምፄ ለአርኦ ነው፣ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ ማዕድኑን ሳይቀር ለሚያስቀረው ማሽን። ምክንያቴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት አንድ ሻጭ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ሁለት ብርጭቆ ስጪኝ አለኝ። በአንዱ የቧንቧዬን ውሃ፣ በሌላው ይዞት የመጣውን የተጣራ ውሃ ቀዳ። ከዚያ የብረት እግር ያለው ነገር ሁለቱም ውስጥ ነከረና ሶኬት ላይ ሰካው። ወላሂ ደቂቃ አልሞላም፣ የኔ ውሃ ቡናማ ሆኖ አተላ ይዞ ቁጭ አለ። የሱ ንክች አላለውም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ደንበኞቼ ፊት ነው እኮ! አንዷ ግማሽ የጠጣችውን አቮካዶ ትታ ወጣች። በማግስቱ ማሽኑን አስገጠምኩ።

ላብራቶሪ
እህቴ፣ ያ አተላ ካንቺ ውሃ አልመጣም። የመጣው ከብረቱ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ ይሟሟና ዝገት ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሌላም ማዕድን ስላለው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በአርኦ የተጣራው ማዕድኑ ስለወጣለት እምብዛም አያሳልፍም፣ ስለዚህ ጥርት እንዳለ ይቀራል። በሱ ብርጭቆ ቁንጥር ጨው ብትጨምሪበት ያው አተላ ይሆን ነበር። ያቺ ብዕር የምታክል ቁጥር የምታሳይ መለኪያም ያው ናት። የምትቆጥረው የሟሟ ማዕድን ነው፤ ጃርዲያና ታይፎይድ አትቆጥርም። 40 የሚያሳየው ውሃ ሆድ ሊያሳምም ይችላል፣ 300 የሚያሳየው ደግሞ ምንም ላያደርግ።

ጸሐፊ፣ ረቂቁ ከጭራው ነው የጀመረው። ምን እንደምናጣራ ሳናውቅ ማጣሪያ እየመረጥን ነው። እኛን የሚያስቸግረን ክረምት ላይ የሚመጣው ድፍርስ፣ አንዳንዴ የክሎሪን ሽታ፣ ከዚያ በዓይን የማይታየው ተውሳክ ነው። ፍሎራይድ ቢሆን ኖሮ ለአርኦ እኔ ራሴ እከራከር ነበር። እሱ ግን የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ነው፤ ዝዋይና ወንጂ አካባቢ ጥርስ የሚያበልዘው። ጅማ እዛ ውስጥ የለችም።

ቧንቧ ሠራተኛ
ጁስ ቤት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከማሽኑ የምትወጣው ሁለተኛዋ ቀጭን ቱቦ ወዴት ነው የምትሄደው?

ጁስ ቤት
ወደ ፍሳሹ። ገጣሚው ነው እንደዛ ያደረገው።

ቧንቧ ሠራተኛ
ነገ ጀሪካን ደግኝባት። 20 ሊትር ጥሩ ውሃ እስኪሞላ እሷ ስንት እንደምትሞላ ንገሪን።

ቡና ቤት
እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ተቃጥያለሁ። የማኪያቶ ማሽኔን በግቢዬ የጉድጓድ ውሃ ስጠቀም ውስጡ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ሁለቴ ሬዚስታንስ ቀየርኩ። ተናደድኩና አርኦ ገጠምኩለት። ቅርፊቱ ጠፋ፣ ቡናውም አብሮ ጠፋ። ውሃ ውሃ ይላል። ሊሙ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ ደንበኛዬ «ዛሬ ምን ነክቶሃል?» አለኝ። በኋላ ስጠይቅ የቡና ባለሙያዎች የሚመክሩት በሊትር 150 ሚሊ ግራም ገደማ ማዕድን ያለው ውሃ ነው፤ ከ75 እስከ 250 ድረስ ይሄዳል። ፈጽሞ ማዕድን የሌለው ውሃ ጣዕሙን አያወጣውም። አሁን በከተማው ቧንቧ ላይ አፈር የሚይዝ 5 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር 5 ሺኛ) ፊልተርና ካርቦን፣ ማለትም ሽታ የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ፣ ብቻ ነው ያለኝ። ከካርቦኑ በፊት ጀበናው ሲነሳ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር፤ ጅማ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ቡና ማቅረብ ያሳፍራል።

ጡረተኛዋ መምህርት
ልጆቼ፣ እኔ ከማሽናችሁ ጋር አልወዳደርም። ያለኝ ሁለት ባልዲ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጠ። ላይኛው ውስጥ ሻማ የመሰለ ነጭ ሸክላ አለው። ማታ ሞልቼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ከታችኛው እቀዳለሁ። መብራት ሄደ አልሄደ አይገደውም። ክረምት ላይ ግን ሦስት ቀን ሳይሞላው ይደፈንና ጠብ ማለቱን ይተዋል። ያኔ ሸክላውን በለስላሳ ብሩሽ በውሃ ብቻ ፈተግ ፈተግ አደርገዋለሁ፤ ቀዩ አፈር እንደ ሊጥ ሆኖ ይወርዳል። አንዴ ሠራተኛዬ ላግዝ ብላ በኦሞ አጥባው ሳምንት ሙሉ ሳሙና ጠጥተናል።

አንድ የምጠይቀው አለኝ። ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም ይላሉ። ታዲያ የኛ ማፍላት ዋጋ አለው?

ላብራቶሪ
አለው እትዬ። እኛ ጋ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ተውሳክ ግን 70 ካለፈ ጀምሮ በፍጥነት ይሞታል። ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይበቃዎታል። ሦስት ደቂቃ የሚባለው ከ2,000 ሜትር በላይ ላሉት ነው። እርስዎም ሦስት ቢያደርጉት ክፋት የለውም፣ ከሰሉ ነው እንጂ።

ስለ ሸክላው፦ ቀዳዳው ከ1 ማይክሮን በታች ነው። ጃርዲያ ከ8 እስከ 12 ስለሆነች አታልፍም፤ ባክቴሪያም አብዛኛው ይቀራል። ቫይረስ ከ0.1 በታች ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከተጣራ በኋላ ያፍላ፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ሸክላው የፀጉር ያህል እንኳ ከተሰነጠቀ ጨርሶ ይጣል። በሙጫ የሚያጣብቅ ሰው አይቻለሁ!

ገንዘብ ያዥ
እኔ የሚገባኝ ቁጥር ነው። 34 ማጣሪያ ከመግዛት ትልልቅ ካርቦን ገዝተን በየግቢው ቆጣሪ አጠገብ፣ ከሮቶው በፊት እንግጠም። በአንድ ግቢ አንድ። ሁሉም ከሮቶው ይቀዳል። ርካሽ፣ አለቀ።

ላብራቶሪ
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። ካርቦን ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ሥራው ነው። ክሎሪኑ ደግሞ ሮቶ ውስጥ የሚጠብቀን ዘበኛ ነው። ዘበኛውን በር ላይ አባረን ውሃውን ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ካስቀመጥነው ተውሳክ እያረባን ነው ማለት ነው። ካርቦን የሚገጠመው መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆው አጠገብ ነው።

ገንዘብ ያዥ
እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ቆርጣችሁ ጣሉት።

ቧንቧ ሠራተኛ
ሮቶ ካነሳችሁ ዝም አልልም። ባለፈው ወር ከመካከላችን የአንዱን ሮቶ ከፈትኩ። ስም አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ክዳኑ ተሰብሮ በድንጋይ ነው የተያዘው። ታች ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀይ ጭቃ፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈ እንሽላሊት። ወጥ ቤት ስገባ ሦስት ደረጃ ያለው የሚያምር ማጣሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊልተሩን ስፈታው ነጭ የነበረው እንደ ጡብ ቀይ ሆኗል። ሰውዬው ደግሞ «ዕቃው ፌክ ነው፣ በሁለት ወር ተደፈነ» ብሎ ሻጩን ሲረግም ነበር።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ማንም ማጣሪያ ከመውሰዱ በፊት ሮቶው ይታጠብ። ጭቃው ይውጣ፣ ግድግዳው ይፈተግ። ከዚያ በ1,000 ሊትር 1 ሊትር በረኪና፣ 5 ፐርሰንት የሆነው፣ ሽቶ የሌለው። ይሞላል፣ በየቧንቧው ሽታው እስኪመጣ ይከፈታል፣ ከዚያ ተዘግቶ ያድራል። ጠዋት ሙሉ በሙሉ ይደፋና በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል። ይሄ ለማጠቢያ ነው፣ እንዳትጠጡት። ፈረቃ የሚመጣበትን ቀን እያየን ነው የምንሠራው፣ አለዚያ ደፍተነው ያለ ውሃ እንዳንቀር።

ጁስ ቤት
መጣሁ። ጀሪካኑን ደግኜ ነበር። ለ20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ተኩል። ሦስት ተኩል! እኔ ባጃጅ ተከራይቼ ውሃ የማመጣባቸው ቀናት አሉ እኮ። ይባስ ብሎ ትናንት ያው ሻጭ ፊልተር ልቀይር ብሎ ብቅ አለ። ያቺን ዕቃህን አምጣ አልኩት፤ ከራሱ ማሽን ቀድቼ ቁንጥር ጨው ጣል አደረግኩበት። አታስፈልግም አለ። ለመንኩት። ሰካት። አተላ! «የጨው ነው» አለኝና ሻንጣውን ዘጋ።

አሁን ማሽኔን ልጣለው?

ቧንቧ ሠራተኛ
ኧረ አትጣይው። የሚፈሰውን ሰብስበሽ ለወለልና ለሽንት ቤት አድርጊው። ካርቶኑ ላይ 75 ጋሎን የሚለው ግን እንዳያታልልሽ። እሱ በ24 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 12 ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ያውም ግፊት ሲኖር። ምሳ ሰዓት ላይ አያደርስሽም።

ላብራቶሪ
በነገራችን ላይ፣ በረዶውን የምትሠሪው በየትኛው ውሃ ነው?

ጁስ ቤት
...ከቧንቧው።

ላብራቶሪ
አየሽ? በረዶ ተውሳክ አይገድልም። ብርጭቆ የሚለቀለቅበትም እንደዚሁ። ንግድ ቤት ማጣሪያ ሲመርጥ የሚቆጥረው የሚጠጣውን ብቻ መሆን የለበትም፤ በረዶ፣ ሰላጣ ማጠቢያ፣ የመጨረሻው መለቅለቂያ አብሮ ይቆጠር። 80 ሊትር የሚፈጅ መስሎት 200 የሚፈጅ ቤት አለ።

ለንግድ ቤቶቹ እኔ የምመክረው 5 ማይክሮን፣ ከዚያ ካርቦን፣ መጨረሻ ላይ አልትራፊልትሬሽን፣ ማለትም በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ነው። ባክቴሪያና ጃርዲያ ያስቀራል፣ ውሃ እንደ አርኦ አይደፋም፣ መብራት አይፈልግም። ተውሳክ በጨረር የሚገድለው ዩቪ መብራትም ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው ከደፈረሰ ጨረሩ አያልፍም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውሃው ሳይታከም ዝም ብሎ ያልፋል። አምፖሉም 9,000 ሰዓት ከሞላው፣ ማለትም ዓመት ሲሆነው፣ እየበራም ቢሆን መቀየር አለበት። «እየበራ ለምን እቀይራለሁ» የማይል ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

ጸሐፊ
እሺ፣ አዲሱ ረቂቅ። ተረጋግታችሁ አንብቡት።

«ማህበሩ ከግዢ በፊት በ3 ግቢ ናሙና ያስመርምር፤ በእያንዳንዱ ግቢ አንድ ከቆጣሪው አጠገብ፣ አንድ ከሮቶው መውጫ፣ አንድ ከሚጠጣበት ጀሪካን። ሮቶ ያላቸው አባላት በሙሉ በማህበሩ ወጪ ሮቶ ይጠብላቸው፤ ክዳን የሌለው ራሱ ክዳን ይግዛ። ለመኖሪያ ቤቶች የሸክላ ባልዲ ማጣሪያ ከአንድ መለዋወጫ ሸክላ ጋር ይገዛ። ለ9ኙ ንግድ ቤቶች 5 ማይክሮን፣ ካርቦንና አልትራፊልትሬሽን፤ ልዩነቱን ራሳቸው ይክፈሉ። አርኦ በማህበሩ ገንዘብ አይገዛም፣ ምርመራው ሌላ ነገር ካላሳየ በስተቀር።»

ላብራቶሪ
ናሙናው ላይ ይሄን ጨምርበት። ጠርሙሱ ከላብራቶሪው የተቀቀለ ይሁን፣ የውሃ ፕላስቲክ አይሆንም። በበረዶ ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። የሚጠየቀው ኢ ኮላይ (ውሃው ሰገራ እንደነካው የሚያሳይ ባክቴሪያ)፣ ድፍርስነት፣ የቀረ ክሎሪንና ፍሎራይድ። ኢ ኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ መሆን አለበት፤ «ትንሽ ነው» የሚባል የለም። የቆጣሪው ደህና ሆኖ የሮቶው ከተበላሸ ጥፋቱ የኛው ነው፣ ማንም ላይ አንጮህም። የቆጣሪውም ከተበላሸ ወረቀቱን ይዘን ወደሚመለከተው እንሄዳለን።

ቧንቧ ሠራተኛ
እኔም አንድ ልጨምር። የንግድ ቤቶቹ ማጣሪያ ማቀፊያ፣ ካርትሪጁ የሚገባበት፣ ባለ 10 ኢንች መደበኛው ይሁን። የራሱ ልዩ ካርትሪጅ ያለውን ቆንጆ ዕቃ ከገዛችሁ ሻጩ የጠፋ ቀን ግድግዳ ላይ ጌጥ ይሆናል። ባለ 10 ኢንቹን መርካቶ ከየትም ታገኙታላችሁ።

ገንዘብ ያዥ
የሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሳላይ ብር አላወጣም። የመለዋወጫው ዋጋ በፕሮፎርማው ላይ ለብቻው ይጻፍ፣ ማሽኑን በርካሽ ሰጥተው በካርትሪጅ የሚበሉን አሉ። ካርቶኑ ላይ ኤንኤስኤፍ የሚል የማጣሪያ ደረጃ ማኅተም ካለ ቁጥሩንም ጻፉልኝ። ልጄ እንዳስረዳኝ 42 የጣዕምና የሽታ ነው፣ የጤናው 53 ነው። 42 አሳይቶ ጀርም ይገድላል የሚል ሰው እኔ ቢሮ እንዳይመጣ።

ጡረተኛዋ መምህርት
የኔን አንዲት ነገር አስገቡልኝ። ከማጣሪያው የወጣው ውሃ ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ። የልጅ ልጄ ከግቢ ሮጦ ይገባና ኩባያውን ከነእጁ ጀሪካኑ ውስጥ ይዘፍቀዋል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ያጠራቀምኩትን!

ጸሐፊ
ገብቷል እትዬ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ፣ ከዚያ አትሜ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ። የሮቶ እጥበቱን ግን ጉባኤ አንጠብቅለትም፣ ቅዳሜ በአራት ግቢ እንጀምር። ብሩሽና በረኪና ገንዘብ ያዡ ጋር አለ። መሰላል ያለው?

ቡና ቤት
እኔ ጋ አለ። አንድ እርከኑ ወልቋል፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ዝለሉት።