ራስተር ሪክላሲፋይ ሳደርግ ዳር ዳሩ ላይ የ1 ቀለበት ይቀራል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የተዳፋትነት ራስተር (እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ቁጥር የሚይዝበት ካርታ፤ በዲግሪ፣ ፍሎት 32 ማለትም የአስርዮሽ ቁጥር፣ ኖዳታው ማለትም መረጃ የሌለበት ፒክስል ምልክት -9999) በፓይተን ወደ 5 ክፍል እየመደብኩ (ሪክላሲፋይ እያደረግኩ) መጨረሻው ላይ ተጣብቄያለሁ።

መጀመሪያ እዚያው አሬይ (የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ) ላይ ከላይ ወደ ታች ነበር የምተካው፦ ከ45 በላይ 5፣ ከ30 እስከ 45 ደግሞ 4 እያልኩ። እንዲህ አይሠራም፤ ቀድሞ 5 የተባለው ፒክስል "ከ5 እስከ 15" የሚለው መስመር ሲደርስ 2 ይሆናል፣ ቀጥሎ "ከ5 በታች" ሁሉንም ጠራርጎ 1 ያደርገዋል። ትቼው ለነምፓይ ዲጂታይዝ (ቁጥሮችን በወሰን የሚመድብ የፓይተን ተግባር) 5፣ 15፣ 30፣ 45 ወሰን ሰጥቼ፣ ውጤቱ ላይ 1 ደምሬ ወደ አዲስ አሬይ ጻፍኩ። -9999ን ለይቼ 0 አደረግኩት፤ ውጤቱን የማስቀምጥበት ባይት ፋይል አሉታዊ ቁጥር አይዝም። (ኖዳታን ወደ ናን (ቁጥር ያልሆነ ዋጋ) የምትቀይሩ ተጠንቀቁ፣ ዲጂታይዝ ናንን የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ነው የሚከተው።)

አሁን መሀሉ ልክ ነው። ዳር ዳሩን ግን አንድ ፒክስል ስፋት ያለው የ1 ቀለበት ይታያል። መነሻው ራስተር ላይ ሳነባቸው -2471.6፣ -6130.2 ይላሉ። ፕሮጀክሽኑ (የካርታው መጋጠሚያ ሥርዓት) በባይሊኒየር (የአጎራባች ፒክስሎችን ሚዛናዊ አማካይ በሚወስድ ዘዴ) ሲቀየር ኖዳታው ስላልተገለጸ -9999 ከጎረቤቱ ጋር የተቀላቀለ ይመስለኛል።

ከ0 በታች ያለውን ሁሉ ኖዳታ ባደርግ ቀለበቱ ይጠፋል። የሚያሳስበኝ በትንሹ የተቀላቀለው ነው፦ 40 ዲግሪ ላይ የ-9999 ድርሻ 0.002 ቢሆን ውጤቱ 20 ገደማ ነው፤ አዎንታዊ ስለሆነ አይያዝም፣ ክፍሉ ግን ስህተት ነው።

የኖዳታውን ወሰን በ1 ፒክስል ማስፋት ይበቃል? ወይስ የምንጩን ኖዳታ ለጂዳል ዋርፕ (ፕሮጀክሽን ለሚቀይረው መሣሪያ) ነግሮ ከመጀመሪያው መድገም ግድ ነው? ራስተሩ 40000 በ38000 ፒክስል ስለሆነ ባልደግመው ደስ ይለኛል።