የአያቴ የኩዩምጂያን ቤተሰብ ከየትኛው ከተማ እንደመጣ ለማወቅ እርዱኝ

የአባቴ አባት አርመናዊ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በወርቅ ሠሪነት ኖረው እዚሁ አርፈዋል። የቤተሰባቸው ስም ኩዩምጂያን ነው። እኛ በአገራችን ወግ በአባትና በአያት ስም ስለምንጠራ ስሙ በእኔ መታወቂያ ላይ የለም። ልጆቼ ሳያውቁት እንዲያድጉ ግን አልፈልግም።

ብዙ ሰው ወዲያው «አርባ ልጆችን» ያነሳልኛል። አያቴ ግን ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው ከእነዚያ አርባ ወጣት አርመናዊ ሙዚቀኞች አንዱ አልነበሩም። ስሙም ብቻውን አይመራም፤ በቱርክኛ የአንጥረኛ ሙያ ስም ስለሆነ በኦቶማን ግዛት የማይዛመዱ ብዙ ቤተሰቦች ይጠሩበት ነበር። የክርስትና ወረቀታቸው የትውልድ ቦታን «ቱርክ» ብሎ ብቻ ያልፈዋል።

ተስፋዬ ያለው አንድ ፎቶግራፍ ላይ ነው። ከጀርባው በአርመን ፊደል ሁለት መስመር ተጽፎበታል። አርመንኛ የሚያነቡ ሴት አሳየኋቸው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡልኝና «ቃሉ ግን አርመንኛ አይደለም» አሉኝ። አያቴ ገንዘብ ሲቆጥሩ በቱርክኛ እንደነበር አባቴ ያስታውሳል። ስለዚህ ጽሑፉ በአርመን ፊደል የተጻፈ ቱርክኛ ሳይሆን አይቀርም ብዬ በዛሬዋ ቱርክ ያለችውን አይንታብን ጠረጠርሁ፤ እ.ኤ.አ. የ1930ው የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ደራሲ ኬቮርክ ናልባንዲያን የተወለዱባት ከተማ ናት፤ አርመኖቿም በብዛት ቱርክኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ችግሩ የአዳናና የካይሰሪ ከተሞች አርመኖችም እንዲሁ መሆናቸው ነው።

እባካችሁ፣ በአርመን ፊደል የተጻፈ ቱርክኛ ማንበብ የሚችል ሰው ብትጠቁሙኝ ፎቶግራፉን እልካለሁ። በአዲስ አበባ ከኖሩ የአርመን ቤተሰቦች የተወለዳችሁም ይህን ስም ከየትኛው ከተማ ጋር እንደሰማችሁት ንገሩኝ።