መርከብ ኢትዮጵያ «ጌጥ» ነበረች?

የባሕረኛው ልጅ፦ ትናንት ስለ ባሕር ኃይል ስናወራ አንዱ «መርከብ ኢትዮጵያ ለጃንሆይ ሰልፍ የመጣች ጌጥ ነበረች፤ ምንም አልሠራችም» ብሎ ጽፎ አለፈ። እንቅልፍ ነሳኝ። አባቴ ጉልበቱን የጨረሰባት መርከብ ናት። ከጥር 1954 እስከ ግንቦት 1983 ባንዲራችንን ይዛ የቆየች መርከብ እንዴት ጌጥ ትባላለች?

ሽምብጥ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። በየዓመቱ ጥር ላይ ምጽዋ የባሕር ኃይል ቀን ይከበራል። ጃንሆይ ይገኛሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት መርከቦች ይመጣሉ። የእኛዋም ትታያለች። ከዚያስ? እናንተ ደግሞ «ዴስትሮየር (ፈጣን ተዋጊ መርከብ) ነበረች» እያላችሁ ታሞግሷታላችሁ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ዴስትሮየር አልነበረችም፤ እሱ ላይ ልክ ነህ። አሜሪካኖች «ኦርካ» ብለው የሠሯት የባሕር አውሮፕላኖችን እንድትደግፍ ነው። ነዳጅ ትሰጣለች፣ ትጠግናለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ አገልግላለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው፤ ፊት ለፊቷ ባለ 127 ሚሊ ሜትር መድፍ አለ። እኛ ጋ ስትመጣ ዋና ሥራዋ ማሠልጠን ሆነ። ማሠልጠኛ መርከብን በውጊያ ትለካለህ እንዴ?

ሽምብጥ፦ ታዲያ የጦር መርከብን በምን ልለካ? ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ ምን ፈየደች?

የባሕረኛው ልጅ፦ ሻዕቢያ ምጽዋን የያዘው በየብስ በመጣ ጦርና በፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች ነው። የእሷ ፍጥነት ቢበዛ 18 ኖት፣ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ጦሩን ሽንፈት በእሷ አታሳብ። ሥራዋን ልንገርህ። አስመራ በባሕር ኃይል ኮሌጅ የተማረ ዕጩ መኮንን ባሕርን የሚያውቀው እሷ ላይ ወጥቶ ነው። አባቴ ሲመሽ ወይም ሊነጋ ሲል፣ አድማሱ ሳይጠፋ ቆሞ ኮከብ ይለካል፤ ከዚያ መርከቧ ያለችበትን ቦታ ካርታ ላይ በእርሳስ ያሰፍራል። ከተሳሳተ ከመጀመሪያው አዲስ ስሌት ይሠራል። ጌጥ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም።

ጣና ዳር፦ ጌጥ ነች፣ አይደለችም እያላችሁ ሊነጋባችሁ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ አሟሟቷ ነው። መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች። እ.ኤ.አ. በ1993 ተቆራርጣ ለብረት እንድትውል ተሸጠች። ከተረፉት መርከቦች መካከል ጅቡቲ የነበሩት ደግሞ በወደብ ዕዳ ተይዘው እ.ኤ.አ. በ1996 ለሐራጅ ቀረቡ። ማን ጠየቀ?

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እኔ የሚያሳስበኝ የነገው ነው። በ2012 የአዲሱ ባሕር ኃይል ዋና መምሪያ ባሕር ዳር ይሆናል ሲባል ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ጣና ግን ጥልቅ ነው ቢባል 15 ሜትር ገደማ ነው። የውቅያኖስ ማዕበል ከየት ይመጣል?

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ጋሼ፣ መምሪያ ቢሮ ነው። ቢሮ ማዕበል አይፈልግም። ዋናና ጀልባ ደግሞ እዚሁ ይለመዳል።

ጡረተኛው፦ ቢሮውን አልጠላሁትም። መኮንኑ ቀይ ባሕርን ሳያይ ሹመት እንዳይቀበል ነው የምለው።

ጣና ዳር፦ የጣናዋ የመንገደኞች ጀልባ ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ስትመጣ መንገዱ ያየውን አበሳ ረሳችሁት? የጦር መርከብ እዚህ አይመጣም። መጀመሪያ እንቦጩን እንንቀል።

ሽምብጥ፦ እንቦጭ ምን አገባው እዚህ? ጥያቄዬን አታድበስብሱት። ጌጥ ካልሆነች አንድ ውጊያ ጥሩልኝ።

የባሕረኛው ልጅ፦ ደግሞ ውጊያ አለ! እሺ፣ አንተ ንገረኝ። ያን ሁሉ መኮንን ማን አሠለጠነ? ከእነሱ አንዳንዶቹ እዚሁ ባሕር ዳር አሉ። እሑድ እንገናኝና ፊታቸው ቆመህ «ጌጥ» በላት።

ሽምብጥ፦ እመጣለሁ። ሰዓቱን ብቻ ንገረኝ።