ከዕድሩ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

ጠያቂ፦
ያደግኩት ጨርቆስ ነው፤ በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ። ሽንት ቤቱ ለአምስት አባወራ አንድ ነበር። አሁን ባንክ ውስጥ ኃላፊ ነኝ፤ የምኖረው ሲኤምሲ አፓርታማ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ጋ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስገባ ጎረቤታችን ከዱካዋ ተነስታ «ኖር!» አለችኝ። ዳቦ ልካኝ መልሱ ሲጎድል ጆሮዬን የምትቆነጥጠኝ ሴትዮ፣ አንቱ አለችኝ! አብሮ አደጌ ደግሞ ብር ከተበደረኝ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። ስኒው ሲሰጠኝ አፉን በጣቴ ጠረግ አደረግኩት። እናቴ አየችኝ።

ዕድሩን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ቀብር ላይ ግን የለሁም፤ ቅጣቴን ነው የምልከው። ልውጣ?

መልስ 1፦
እንዳትወጣ! ግን ቅጣት መላክ መገኘት አይደለም። ሄደህ ድንኳን ትከል። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን አብረውኝ ያደሩት የድሮ ሰፈሬ ሰዎች ናቸው።

መልስ 2፦
እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እዚህ ታክሲ ነጂ፣ አዲስ አበባ ስመጣ ጌታዬ! ጓደኛህ ያፈረው ከብሩ ነው፤ ስለ ብር አታንሳበት። ኳስ እንይ በለው።

መልስ 3፦
የስኒዋን ነገር እናትህ አትረሳትም፣ ወንድሜ።

ጠያቂ፦
ለአብሮ አደጌ በሌላ ስልክ ደወልኩለት። «ዲኤስቲቪ ያለው አንተ ቤት» አለኝ፣ ቀዝቀዝ ብሎ። «አይ፣ እዛው ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት፤ መግቢያውን አንተ ትከፍላለህ» አልኩት። ሳቀ። እሁድ እንገናኛለን።