ከመድረክ ጀርባ ያለውን ሥራ እንዴት መተዳደሪያዬ ላድርገው?

ሰላም ለእናንተ፣ በተለይ ቴአትር ቤት ለሠራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በግል የቴአትር ቡድኖች ስቴጅ ማናጀር፣ ማለትም ልምምዱንና ትርኢቱን ከመድረክ ጀርባ የሚያስተባብር ሰው ሆኜ እሠራለሁ። ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ግን እንዴት እንጀራ እንደሚሆነኝ ግራ ገብቶኛል።

እዚህ አንድ ቴአትር በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ወራት ይቆያል። አዘጋጁ ከምረቃው በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ተዋንያኑም በመሃል ፊልምና ተከታታይ ድራማ ይቀረጻሉ። ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ አንዱ መቆሚያውን ይረሳና መብራት በሌለበት ቆሞ ይናገራል። ትክክለኛው ነገር ያለው እኔ ደብተር ላይ ነው፤ በአንዱ ገጽ ጽሑፉ፣ በትይዩው ደግሞ እንቅስቃሴው፣ መብራቱና ድምፁ የሚገባበት ቃል። እስከ መጨረሻው ልምምድ ስለሚቀያየር ሁሉም በእርሳስ ነው።

ክፍያው ግን በትርኢት ነው። ትርኢቱ ከተሰረዘ ምንም የለም፤ የልምምዱ ጊዜ ጭራሽ አይቆጠርም። ለአሁኑ ቡድኔ ውል እንፈራረም ስላቸው «አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ» አሉኝ። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም፤ የቤት ኪራይ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

የልምምድ ክፍያ በውል ያስገባችሁ ካላችሁ እንዴት አሳመናችኋቸው? ብሔራዊ ወይም ሀገር ፍቅር ቴአትር ቅጥር ሲያወጡ ይህ ሥራ በየትኛው የሥራ መደብ ይገባል? የቴአትር ጥበባት ዲግሪ የለኝም፤ ደብተሮቼን እንደ ልምድ ማስረጃ ባቀርብስ? ኮንሰርትና ጉባኤም ከመድረክ ጀርባ እየመራችሁ ቴአትሩን ያልተዋችሁ ካላችሁ፣ ሁለቱን እንዴት እንዳስማማችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።