የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን «ፍላጎት የለም» ተብሎ ታጠፈ፤ ሌላው አገር በምን መስፈርት ነው የሚወስኑት?

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሴቶች መረብ ኳስ አሰልጣኝ ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቱን ገና አለመድኩትም። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአወሳሰኑ ጋር ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ተሰጠኝ። ስለ እኛ የሰፈረው ሦስት መስመር ነው፦ በጀት ጠቧል፣ የሴት ተማሪዎች ፍላጎት ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚህ የሴቶች መረብ ኳስ ከመጪው ዓመት ጀምሮ አይቀጥልም። የወንዶቹ እግር ኳስና መረብ ኳስ ይቀጥላሉ።

በጀት መጥበቡን እኔም አውቃለሁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ በዚህ አካባቢ ወንበር ሳይቀር እንደ አዲስ የገዛ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ሁለተኛው መስመር ነው። ፍላጎት የለም የተባለው ጥቅምት ላይ ለቡድን ምርጫ ዘጠኝ ልጆች ብቻ ስለመጡ ነው። ሜዳው ግን ለእኛ የሚለቀቀው ወንዶቹ ከጨረሱ በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መብራት የለውም። የተማሪ እራት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፣ የሴቶች ዶርም በር 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እራቷን ትታ በጨለማ ኳስ ልትቀበል የመጣች ልጅ ፍላጎት ከሌላት ፍላጎት ያለው ማን ነው? ኅዳር ላይ ለምኜ ሰዓታችን ወደ 11 ሲመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አራት ሆኑ። ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ከአሥራ አራቱ ስምንቱ ሂጃብ ይለብሳሉ። ለእነሱ የሚሆን እጅጌ ረጅም ማሊያ በግዥ ስላልመጣ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ፒያሳ ጨርቅ መርጬ አሰፋሁላቸው። በረመዳን ልምምዱን ወደ ሰርቭና ቅብብል ብቻ አወረድነው፤ የማይጾሙትም ማንም ሳያዛቸው ውሃቸውን ከሜዳ ወጣ ብለው ነበር የሚጠጡት። ሊቤሮዋ (ከኋላ ሆና ኳስ የምታነሳው ተከላካያችን) የወረባቦ ልጅ ናት፤ እዚህ እስክትመጣ ኳስ ነክታ አታውቅም። አሁን ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ የደረሰ ኳስ ታነሳለች።

ደብዳቤ ልጽፍ ነው። የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ትልቅ ሥራ በሆነባት አሜሪካ አንድን ስፖርት ሲጨምሩ ወይም ሲያስቀሩ ምኑን አይተው ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሐረጎ ማዶ

እህቴ፣ አብሽሪ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሆጤ ኳስ ስራገጥ ነው ያደግኩት። አሁን አሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ቢሮ እሠራለሁ።

እዚህ መጀመሪያ የሚታየው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር በአሜሪካ እግር ኳስ (በእጅ እየተያዘ በሚሮጥበት) ከፍተኛው እርከን ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ 16 ስፖርት እንዲኖረው ያስገድዳል። አሥራ ስድስት ብቻ ያለው መቀነስ አይችልም፤ ከዚያ በላይ ያለው ነው ገንዘብ ሲያጥረው የሚቆርጠው። ገቢ የሚያመጡት በአብዛኛው የአሜሪካ እግር ኳስና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ናቸው፤ ሌላው በእነሱ ገቢ፣ በዩኒቨርሲቲው ድጎማና በለጋሽ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በዓመት እስከ ተወሰነ ጣሪያ (በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር) በቀጥታ መክፈል ስለሚችል ትንንሾቹ ቡድኖች ስጋት ላይ ናቸው። ትንንሽ ኮሌጆች ግን ተገላቢጦሹን ያደርጋሉ፣ ተማሪ ለማግኘት ሲሉ ስፖርት ይጨምራሉ። በኤንሲኤኤ ሦስተኛው ዲቪዚዮን (እርከን) የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም፤ 30 ዋናተኛ ያመጣ ኮሌጅ 30 ተጨማሪ ተማሪ መዘገበ ማለት ነው።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በጾታ እንዳያዳላ ይከለክላል። በስፖርት ተሳትፎ ረገድ ከሦስቱ አንዱን ማሳየት አለባቸው፦ የሴት ስፖርተኞች ድርሻ ከሴት ተማሪዎች ድርሻ ጋር መቀራረቡን፣ ወይም ለሴቶች እየጨመሩ መምጣታቸውን፣ ወይም ያለውን የሴቶች ፍላጎት ማስተናገዳቸውን።

ብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ገንዘብ አጠረኝ ብሎ የሴቶች መረብ ኳስንና ጂምናስቲክን፣ ከወንዶች ደግሞ ጎልፍንና የውሃ ፖሎን በጀት አቋረጠ። «ከሁለቱም ሁለት ሁለት» ሲባል እኩል ይመስላል። ቁጠባው ግን ከሴቶቹ 62 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ከወንዶቹ 16 ሺህ ገደማ ነበር። ያኔ ሴቶች ከተማሪው 48 በመቶ ያህል ሲሆኑ ከስፖርተኛው 37 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ከሰሱ። ዩኒቨርሲቲው «ሴቶች ያን ያህል ፍላጎት የላቸውም» ብሎ ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ፍላጎትና ችሎታ ዕድል ሲገኝ የሚያድጉ ናቸው አለ። የአንቺ ዘጠኝና አሥራ አራት ይኸው ነው።

አሥር ቁጥር

አሰልጣኝ፣ ከይቅርታ ጋር። እኔ የእግር ኳስ ተጫዋች ነኝ፣ በሌላ ግቢ። እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ መጨረሻው «የእግር ኳሱን ቀንሱ» ነው የሚሆነው። እኛም ብዙ አልተረፈንም፤ ጫማ ተዋውሰን የተጫወትንበት ጊዜ አለ። ቅዳሜ ግቢው የሚሰበሰበው እኛን ለማየት ነው። ለእርስዎ ልጆች ሲባል የኛ እንዳይነካ እሰጋለሁ።

ሐረጎ ማዶ

ወንድሜ፣ ስጋትህ እውነት አለው። አዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ቡድን አጠፈ። የሴት ዋናተኞች ከሰው ቡድናቸው ተመለሰ፣ የሴቶች ነፃ ትግልም ተጨመረ፤ የወንዶቹ ጂምናስቲክ፣ ዋናና ቴኒስ ግን በዚያው ቀሩ። ልጆቹን አዝኜላቸዋለሁ። ያው ዓመት ስታንፎርድ ከ36 ስፖርቶቹ 11ዱን ላቆም ነው አለ፤ የወንዶች መረብ ኳስና ነፃ ትግል አሉበት። ሼን ግሪፊት የሚባለው የነፃ ትግል ተወዳዳሪያቸው የዩኒቨርሲቲው ስም የሌለበት ጥቁር ልብስ ለብሶ የ2021 ሻምፒዮን ሆነ። የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ አሰባሰቡ፣ ክስም ቀረበ፣ ግንቦት 2021 ዩኒቨርሲቲው ውሳኔውን ሻረ። ያኔ የወንዱም የሴቱም ስፖርተኛ አብሮ ነው የቆመው።

የሒሳብ ሰው (ደሴ)

እህቴ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ላይ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ታይትል ናይንን ደብዳቤሽ ላይ ብትጠቅሺው «ያ የአሜሪካ ነው» ብለው ያልፉታል። የራሳችንን ጥቀሺ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ብቻ አይደለም የሚለው፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ተጨማሪ ድጋፍ እንዲደረግላቸውም ይላል።

ከዚያ የቡድንሽን ወጪ ለብቻው አውጪው። እኔ እስከማውቀው በስፖርት ሒሳብ ላይ ብዙውን የሚበላው የጉዞ አበል፣ ነዳጅና ማደሪያ ነው፤ ኳስና ማሊያ ትንሽ ናቸው። ስለዚህ «ይታጠፍ» እና «እንዳለ ይቀጥል» ብቻ አይደለም ምርጫው። አንድ ዓመት ሩቅ ሳትጓዙ ቀጥሉ። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት መጥታችሁ ተጫውታችሁ ማታ ትገባላችሁ፣ የማደሪያ ሒሳብ የለም። ለአስተዳደር ሰው ይህን ይዘሽ ስትሄጂ እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። የልምምድ መገኛ መዝገብ ካለሽ ደግሞ አያይዢ። ቃል ይረሳል፣ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጉዞውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ትናንት ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከወጪያችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንዷ የሩቅ ውድድር ሆና አገኘኋት። እሷን ትቼ ጻፍኩት።

አሥር ቁጥር፣ ከእግር ኳሱ አንድ ብር እንዲቀነስ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን 11 ሰዓት ላይ ሜዳው የኛ እንዲሆን። በዚያ ሰዓት ለአንድ ዓመት ታይቶ ልጆቹ ካልመጡ እኔው ራሴ ፈርሜ አጥፈዋለሁ።

የመገኛ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁት። የጥቅምቱ ገጽ ላይ ዘጠኝ ስም፣ የኅዳሩ ላይ አሥራ አራት፣ ከላይ የልምምድ ሰዓቱ ተጽፎበታል። ሁለቱንም አያይዤ ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት ገቢ አድርጌ ቁጥር ተቀብያለሁ። መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

ሊቤሮዋ ማታ ከወረባቦ ደውላ «መስከረም ስመጣ ጫማዬን ልያዘው?» አለችኝ። ያዢው አልኳት።